ላሞችን ከወንዝ ያስወጣንባቸው ዓመታት

ልጄ ትንሽ ሳለች አስተማሪዋ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብላ ብትጠይቃት «ላሞች ወንዝ እንዳይገቡ ገንዘብ ይከፍላል» ብላ መለሰች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አስተማሪዋ ደግሞ ልጅቷ እንግሊዝኛው ገና አልገባትም ብላ ተጨንቃ እኔን አስጠራችኝ። ሄጄ «ልጄ ልክ ናት፣ ሥራዬ እሱ ነው» ስላት ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። «መኮንን፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ዓመት ከፈረንጅ ገበሬ ጋር ምን ስትሠራ ኖርክ?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። እኛ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር የኖርን ሰዎች ታክሲ ነድተናል፣ ፓርኪንግ ጠብቀናል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባሉት ፋብሪካዎች ሺፍት ገብተናል። በጭቃ ቦቲ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ሾፌር የሚቆጣው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ የገበሬ አገር አለ። በዚያ ያሉት ጅረቶች ዞረው ዞረው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ፣ ከሐይቁ ደግሞ እኛው እንጠጣለን። ላም ጅረት ውስጥ ከገባች ዳርቻውን ትንደዋለች፣ የቀረውን ነገር ደግሞ ሳልጽፈው ይገባችኋል። ስለዚህ መንግሥት ገበሬውን «ጅረቱን እጠር፣ ዳርቻው ላይ ዛፍ ትከል፣ ላሞችህን ሌላ ቦታ አጠጣ፣ ከወጪው የሚበዛውን እኔ እችላለሁ» ይለዋል። ቦታውን አይቶ የሚለካው፣ ሥራው ሲያልቅም መርምሮ «ይከፈለው» የሚለው የኛ ቢሮ ነበር።

እኔ አገር ቤት የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ፤ እርከን ሳሠራ ነው የኖርኩት። ቶሮንቶ ስመጣ ግን የፕላስቲክ ክዳን ፋብሪካ ገባሁ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ባለቤቴ ሂሩት ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አይታ «አፈር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፣ አፕላይ አድርግ» አለችኝ። «ማን ያየኛል?» ብላትም አልተወችኝም። ኢንተርቪው የገባሁ ዕለት አለቃው ስለ ጭቃና ስለ ደሞዙ ማነስ ብዙ አስጠነቀቀኝ። ከኔ በፊት የመጡት ሁሉ ቦታውን አይተው ሸሽተዋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ እኔን ወሰደኝ፤ እኔም ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወንበሩን ገልብጬ ነው የተነሳሁት።

ሥራውን ያስተማረችኝ ዶሪን ናት። ጸጉሯ የሸበተ፣ አጭር፣ ሲጋራ ትታ በምትኩ የተቀቀለ እንቁላል ኪሷ ይዛ የምትዞር ሴት ነበረች። እናቴን የምታክል ሴት በስሟ ብቻ መጥራት ሞት ሆነብኝና «ማዳም ዶሪን» አልኳት። «ማዳም ካልከኝ መኪና ውስጥ አላስገባህም፣ ከኋላ ነው የምጭንህ» አለችኝ። እሷም በተራዋ መኮንን ማለት ቢያቅታት ማክ አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለገበሬዎቹ ሁሉ ማክ ሆኜ ቀረሁ።

ዶሪን መኪናዋን የሰው ግቢ ውስጥ አታስገባም። መንገድ ላይ አቁማ በእግሯ ትገባለች፣ «ሰው ስትመጣ ማየት አለበት» ትላለች። ግቢ ከገባች በኋላ ደግሞ ወረቀት አታወጣም። ገበሬው የሚያደርገውን አይታ አብራው ትይዛለች። ድርቆሽ የሚያራግፍ ከሆነ ታራግፋለች፣ ጥጃ የሚያጠባ ከሆነ ጡጦውን ትቀበለዋለች። ስለ ገንዘቡ የምታነሳው እጇ ከቆሸሸ በኋላ ነው። ጅረቱን ከማየቷ በፊትም የላሞቹን እግር ታያለች። ጭቃው ከሰኮና ካለፈ ዳርቻው ፈርሷል ማለት ነው፤ እስከ ጉልበት ከደረሰ ላሞቹ ውሃው ውስጥ ቆመው ነው የሚውሉት። ገበሬው «ኧረ የኔ ላሞች ብዙም አይገቡም» ሲላት እግራቸውን ዝም ብላ ታያለች። ሰውየውም ይስቃል።

አጥር ስትመረምር በእርሳስ ሽቦውን መታ ታደርግና ጆሮዋን ታዘነብላለች። የተወጠረ ሽቦ ይዘምራል፣ የላላ ሽቦ ያጉረመርማል። የአኻያ ቅርንጫፍ ዳርቻ ላይ ስንተክል ደግሞ እንቡጡ ወደ ሰማይ መሆኑን ታያለች፣ አፈሩን በተረከዟ ትረግጣለች፣ ከዚያ በሁለት ጣቷ ሳብ ታደርገዋለች። ከወጣ «እንደገና!» ነው። አንድ ቀን ሙሉ እንደገና ስባል ውዬ ማታ ቤቴ ሂሩት ወጡን ቀምሳ «ጨው አነሰው?» ብትለኝ «እንደገና!» ብያት ልትገለኝ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን የአፍንጫ ፓምፑ ነበር። ላሟ ራሷ በአፍንጫዋ ስትገፋው ከጅረቱ ውሃ ቀድቶ ገንዳዋ ላይ የሚያፈስ፣ መብራትም ነዳጅም የማይፈልግ ዕቃ ነው። መጀመሪያ የተከልንለት ገበሬ «ላም ይሄን ትማራለች?» ብሎ አሾፈብን። ላሞቹ ከበው አዩት፣ አሸተቱት፣ ሸሹት። ከዚያ አንዷ ግልፍተኛ ጥቁር ላም ተበሳጭታ ብትገፋው ውሃ ተንዠቀዠቀ። ደንግጣ ወደ ኋላ ዘለለች፣ ተመልሳ መጣች፣ ገፋችው። ሌሎቹ ተሰለፉ። እኔና ዶሪን ጭቃው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘለልን። እንዲህ ላለው ሥራ ነው እንግዲህ ደሞዝ የሚከፈለኝ እያልኩ በሀይዌዩ ላይ እየዘፈንኩ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ዋልተር የሚባል ገበሬ ነበረ፤ ከሌላ አውራጃ መጥቶ እርሻውን ከገዛ ብዙም ያልቆየ፣ ደግ፣ ወሬ የሚወድ ሰው። ከጅረቱ በታች በኩል ያለው ጎረቤቱ ሃርቪ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ ነው። ዋልተር አዲስ ሲመጣ መሬቱን ያስለመደው ሃርቪ ነበር። ድርቆሽ አብረው ያጭዳሉ፣ አንዱ ከታመመ አንዱ ያልብለታል። ዋልተር የኛን ፕሮግራም ሲፈርም ዶሪን ወገቧን ታማ ተኝታ ስለነበር አጥሩን የለካሁት እኔ ነኝ።

አገር ቤት የተማርኩትን ነው ያደረግሁት። ወንዝ አጠገብ ስትሠራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዝናብ ሲበረታ ውሃው እስከ የት ይወጣል?» ነው። ዋልተር ቦታውን አሳየኝ። የዳርቻውን ሣር አየሁ፣ ዛፎቹ ላይ የተንጠለጠለውን ገለባ አየሁ፣ ከዚያ በላይ ርቄ ቋሚዎቹን አስተከልኩ። ያማረ አጥር ነበር፤ ሽቦው ይዘምራል! ግን እኔ ያደግሁት ወንዝ በክረምት ዝናብ በሚሞላበት አገር ነው። እዚህ ደግሞ ወንዝ የሚቆጣው በረዶው ሲቀልጥ ነው፣ የሚመጣውም ውሃ ብቻ አይደለም። በር የሚያክል የበረዶ ግግር እየተሰባበረ፣ እየተገፋፋ ይመጣል። ዋልተር እንደዚያ ያለ ዓመት እዚያ ቦታ አጋጥሞት አያውቅም። በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት እኔን ነው።

ግግሩ መታጠፊያው ላይ ተከመረና ከጅረቱ ወጥቶ ሜዳውን አረሰው። አጥሬን ከነቋሚው ነቅሎ ወደ ታች ወሰደው። የተጠቀለለው ሽቦ የሃርቪ ሜዳ ላይ ሣር ውስጥ ተቀበረ። በረዶው ጠፍቶ ሃርቪ ከብቶቹን ሲለቅ ከላሞቹ ሁሉ የምትሻለዋ ሽቦው ላይ ወደቀችና ግቷ ተተረተረ። የከብት ሐኪሙ መጥቶ አይቶ፣ መገላገሉ ይሻላታል አለ። እኔ የደረስኩት ተሸፍና ሳለች ነው። ሃርቪ አልሰደበኝም፣ ቀና ብሎም አላየኝም። ሜዳው ላይ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሃርቪ ዋልተርን ማናገር አቆመ። ቢሮዬ ደግሞ ለዋልተር ቁርጡን ነገረው። «ሁለተኛ አጥር የምንከፍለው ጅረቱ ከላይ እስከ ታች፣ የሃርቪም መሬት ተጨምሮ በአንድ ላይ ከታጠረ ነው። እስከ መከር ካልተስማሙ ገንዘቡ ለሌላ ጅረት ይሄዳል» አለ አለቃዬ። ዋልተር የራሱን ድርሻ በመጀመሪያው አጥር ላይ ጨርሷል። ሜዳው ታርሶ፣ አጥሩ ሄዶ፣ ያለኛ እርዳታ ከብቶቹን ከመሸጥ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ሃርቪ ጋ ስሄድ ግን በሩ አይከፈትም። ዶሪን እንኳ፣ ወገቧን እየጎተተች ሄዳ፣ የሃርቪን በረት አብራው ጠርጋ፣ «አልፈርምም» ተብላ ተመለሰች። እሷ እንዲህ ስትመለስ አይቼ አላውቅም ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፊቴ ጠቁሮ ያዩኝ ጋሽ ይልማ ናቸው። ጋሽ ይልማ ሬክስዴል ውስጥ የሕንፃ ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ ግን የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኳረፈ ሸሪክ ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ነገሩን ዘርግፌ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ይቅርታ ጠይቀሃል?» አሉኝ።

«ቢሮው ደብዳቤ ጽፎለታል። ለላሟም ካሳ ልኮለታል።»

«ደብዳቤ! ደም ፈሶ በደብዳቤ ነው የምትታረቁት?»

«ጋሽ ይልማ፣ የላም ደም እኮ ነው።»

«ላምስ ደም የላትም? የገበሬ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ታክሲ የሚነዱትን ጓደኛቸውን ጋሽ ተሰማን ጠሩና «ቅዳሜ ትነዳለህ። ሽማግሌ ሆነን ይህን ልጅ እናስታርቃለን» አሏቸው። እኔ «ይህ ልጅ» የተባልኩት መላጣዬ ወጥቶ ነው።

ከሥራ ዘመንህ ሁሉ የትኛው ቀን ይበልጥብሃል ቢሉኝ ያ ቅዳሜ ነው። ሁለቱም ሽማግሌዎች ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ለዶሪን ኮል አድርጌ ስነግራት «መኪናውን መንገድ ላይ አቁሙት» ብቻ አለችኝ። አቆምነው። ጋሽ ይልማ ጅረቱ ዳር ወርደው ደህና አድርጎ የሚከብድ ድንጋይ መርጠው ትከሻዬ ላይ ጫኑብኝ። በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የተበዳይ ደጅ የሚቆመው፤ ተበዳዩ ይቅር እስኪለው አያወርድም። «ጋሽ ይልማ፣ ይሄ ሰው እኮ ፈረንጅ ነው» ብላቸው «ፈረንጅ አይቀየምም ያለህ ማነው? ና ተራመድ!» አሉኝ።

ሃርቪ በረቱ ደጃፍ ባልዲ ይዞ ቆሞ ነበር። እኛን ሲያይ አፉ ተከፈተ።

«ማክ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ድንጋይ ነው» አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው።

«ድንጋይ መሆኑንማ አያለሁ። ዕድሜ ልኬን ከዚህ መሬት ድንጋይ ስለቅም ወገቤ ጎበጠ። አምጡልኝ ያልኩ ይመስላችኋል?»

ጋሽ ተሰማ እንግሊዝኛው ስለገባቸው ሳቃቸውን ለመዋጥ ያስሉ ጀመር። ጋሽ ይልማ ግን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና «ተርጉም» አሉኝ። «እኛ የዚህ ልጅ ሽማግሌዎች ነን። ይህ ልጅ በድሎሃል። ላምህን አስገድሎብሃል፣ ከጎረቤትህም አጣልቶሃል። አውቆ አይደለም፤ ሳያውቅም ቢሆን በደል በደል ነው። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለው። ይቅር እስክትለው ድንጋዩን አያወርድም፣ እኛም አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም።»

ስለራሴ «ይህ ልጅ» እያልኩ፣ አንገቴ በድንጋይ ተጣሞ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ተረጎምኩ። በዚህ መሀል ባለቤቱ ማርጋሬት የፖም ፓይ ይዛ ከቤት ወጣች። እንግዳ አይታ ነው እንጂ ነገሩን አልሰማችም። «ግቡ፣ ትኩስ ነው» አለች። ሽማግሌዎቹ በትሕትና አንገታቸውን ነቀነቁ። እንደገና ብትጠይቅ እንደገና ነቀነቁ። ፊቷ ተለወጠ። «ፓዬ ምን ሆነ?» አለችኝ። የማይበሉበትን ምክንያት ስነግራት ወደ ባሏ ዞረች።

«ሃርቪ! እነዚህ አዛውንቶች ከቶሮንቶ ድረስ መጥተው ከደጄ ሳይበሉ አይመለሱም! ያንን ሰውዬ አንድ ነገር በለው፣ ትከሻው ሊገነጠል ነው!»

ሃርቪ ባልዲውን አስቀመጠ። ወደኔ መጥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከትከሻዬ አነሳው። ይቅር አለኝ ብዬ እፎይ ስል እሱ ግን ድንጋዩን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። ዓይኑ ቀላ።

«እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት» አለ። «ግግሩ መታጠፊያው ላይ እንደሚዘል ያየሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ቋሚዎቹን ስታስተክል ከዚያ መስኮት ሆኜ አይህ ነበር፣ ማክ። እንደማይቆሙ አውቅ ነበር።»

«ሃርቪ!» አለች ማርጋሬት።

«ዋልተር እኔን ሳያማክር ፈረመ። መሬቱን እኔ አስለምጄው ምክር ፍለጋ ወደ መንግሥት ሄደ። ይየው ብዬ ዝም አልኩ። ላሜን የገደላት የኔ ዝምታ ነው። እናንተ ደግሞ ልትለምኑኝ መጣችሁ።»

ለጋሽ ይልማ ተረጎምኩላቸው። በዚያ ሜዳ ላይ ያለቀስኩትን ሁሉ፣ እንቅልፍ ያጣሁበትን ሁሉ አሰብኩና ለቅጽበት ተናደድኩ። የሃርቪን ፊት እንደ ልጅ ተሰብሮ ሳየው ግን ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። «ይቅር ለእግዜር» አልኩት በአማርኛ። አልገባውም፤ ግን ገባው።

ጋሽ ይልማ ጺማቸውን እየዳሰሱ «እንግዲህ ድንጋዩ የሱ ነው በለው» አሉኝ።

ነገርኩት። ሃርቪ ድንጋዩን አየው፣ ሽማግሌውን አያቸው። «ለማን ነው የምወስደው?» አለ።

«ለዋልተር» አሉ ጋሽ ይልማ፤ ይቺ ሳትተረጎም ገባችው።

እንርዳህ ብንለው እንቢ አለ። እኔ እንደተሸከምኩት አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣውና በድርቆሹ ሜዳ ላይ ተራመደ። ከኋላው ነጠላቸው በነፋስ የሚውለበለብ ሁለት አዛውንት፣ ከነሱ ኋላ እኔ፣ ከሁላችን ኋላ ማርጋሬት ፓይዋን እንደያዘች። ዋልተር ማጨጃውን ቅባት እየቀባ ነበር። ጨርቁን እጁ ላይ እንደያዘ ቀና አለ። ከላሟ ሞት ወዲህ ሃርቪ ግቢው ሲገባ መጀመሪያው ነው።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?» አለው።

«እኔም በደንብ አላውቀውም» አለ ሃርቪ እያለከለከ። «አንተ እሺ እስክትለኝ ማውረድ አይቻልም አሉኝ። ግግሩ ይህን አጥር እንደሚወስደው አውቅ ነበር፣ ዋልተር። አውቄ አልነገርኩህም። የት ድረስ እንደሚደርስ አሳይሃለሁ፤ ከዚያ በላይ አብረን እናጥራለን፣ የኔንም ጭምር።»

ዋልተር ጨርቁን ማጨጃው ላይ አኖረ። «መጀመሪያ እሱን አውርደው፣ ወገብህን ያምሃል እኮ» አለና እሱው ራሱ ደግፎ አወረደለት። ጋሽ ይልማ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁ ጀመር፤ ማርጋሬት ደግሞ ምርቃቱ እስኪያልቅ መታገሥ አቅቷት ሣሩ ላይ ተንበርክካ ፓዩን መቁረስ ጀመረች።